ለማይታጠፍ እግር የተሠራ መሪ

ገና ጎህ ሳይቀድ የግቢው ቆርቆሮ በር ተንኳኳ። ይርዳው ሸሚዙን እየቆለፈ ወጥቶ ሲከፍት የእድሩ ዳኛ አቶ ስንሻው ከፊት፣ ከኋላቸው አምስት ስድስት የሰፈር ሰዎች ቆመዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እንደምን አደርክ ያለ የለም። ከሁሉም ኋላ ጎረቤቱ ሾፌሩ ሳጂድ የጫማውን ጫፍ እያየ ቆሟል። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ይርዳው ያውቃል፤ እሱም ራሱ ከእድሩ ሰዎች ጋር ስንት በር አንኳኩቷል። የጠየቀው ማን እንደሆነ ብቻ ነው።

«ውቤ ነው» አሉ አቶ ስንሻው። «ወባዋ ጭንቅላቱ ላይ ወጥታ። ሬሳው ከአብርሃ ጅራ አገራችሁ ሳንጃ ገብቷል። ቀብሩ ዛሬ ነው፤ መኪና ቆሟል፣ ልበስ።»

ውቤ የይርዳው ታናሽ ወንድም ነው። ይርዳው «እሺ» አለና ልብሱን ሊለብስ ተመለሰ። ከጀርባው ሚስቱ አይናዲስ ስትጮህ ሰማ። በዚያው ግቢ ከማዶ ካለው ቤት ደግሞ የውቤ ሚስት ፍቅርአዲስ ስትጮህ ሰማ፤ ለእሷ ሴቶቹ በጓሮ ገብተው ነግረዋታል። እሱ የግራ ጫማውን አጥቶ አልጋ ሥር ይፈልግ ነበር። ጫማው ሲገኝ ማሰሪያው ላይ የትናንት ግራሶ ነበረበት። በጨርቅ ጠረገው።

ሚኒባሱ ከኮኪት ወጥቶ ወደ ጎንደር ሲያቀና ሳጂድ ከጎኑ ተቀምጦ የሚያውቀውን ነገረው። ስልኩ የተደወለው ትናንት ከቀትር በኋላ ነው። መርዶ ደግሞ ቀኑ ካዘነበለ በኋላ አይነገርም፤ ሐዘንተኛውን ከጨለማ ጋር ማፋጠጥ ነውር ነው፣ ተኝቶ ይደር ይባላል። ስለዚህ ይርዳው መካኒክ ሆኖ የሚሠራበት የጋራዡ መንገድ በሙሉ ሰምቶ ዝም አለ። ቡሎን ሻጩ ሰምቷል። በያጁ ሰምቷል። ሻይ የምታፈላው ረፊቃ ሰምታ፣ ጓዳ ገብታ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ወጥታለች። ይርዳው ደግሞ ከሰዓቱን ሁሉ ግቢያቸው ውስጥ በቆመው የውቤ መኪና ጋቢና በጀርባው ተኝቶ ለውቤ አዲስ መሪ ሲገጥም ነበር። ባትሪ ያበራለት ሳጂድ ነው።

ይርዳው አስታወሰ። ትናንት «ውቤ እዚህ ላይ ሲቀመጥ ባለሥልጣን ነው የሚመስለው» ብሎ ነበር፤ ሳጂድ ባትሪውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ እንጂ አልሳቀም።

«ለምን አትስቅም ስልህ፣ እጄ ዝሎ ነው ብለኸኝ ነበር» አለው ይርዳው።

«አዎ ጋሼ» አለ ሳጂድ።

ሁለቱ ወንድማማቾች የታች አርማጭሆ ልጆች ናቸው። ይርዳው ገና ጢም ሳያወጣ ከደገኞቹ የቀን ሠራተኞች ጋር ሰሊጥ ሊያርም ወደ መተማ ቆላ ወረደ። አንድ ክረምት ያረሙበት እርሻ ትራክተር ተበላሽቶ ድንበር ማዶ ካለችው ገላባት ሱዳናዊ መካኒክ መጣ። ቁልፍ የሚያቀብለው ሰው ሲፈለግ ይርዳው ተነሳ፤ ከዚያ ወዲያ ማጭድ አልያዘም። ጓደኞቹ ያገኙትን ቋጥረው ወደየአገራቸው ሲመለሱ እሱ ኮኪት ቀረ። ቤት ሠራ፣ አይናዲስን አገባ። ልጅ አልወለዱም። ውቤን ከአባታቸው ቤት አምጥቶ ያሳደገው እሱ ነው። ሙያውን ሊያስተምረው ቢሞክርም ለውቤ መኪና ሥር መተኛት አልሆነለትም፤ እሱ የሚወደው መሪ መያዝ ነበር። በኋላ ከአንድ ባለእርሻ ግቢ ሣር በቅሎበት የቆመ ኤንትሬ የሚሉትን አሮጌ የጭነት መኪና ገዙ። የጣሊያን ሥሪት ነው፤ በዕድሜ ውቤን ይበልጠዋል። ይርዳው ክረምቱን ሙሉ ሲጠግን ከርሞ አስነሳው። «ሽማግሌው» ብለው ጠሩት። ሽማግሌው አዝጋሚ ነው፤ ጭቃ ግን አይፈራም፣ ሰሊጥና ማሽላ እያመላለሰ ሁለት ቤት ሲያበላ ኖረ።

ባለፈው መከር ውቤ ከጭነቱ አናት ወደቀ። ግራ ጉልበቱ ተሰበረ። ጎንደር ብረት ገብቶለት ዳነ፤ እግሩ ግን እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ቀረ፣ አይታጠፍም። በግራ እግር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን በዳሌው ገፍቶ መርገጥ ይችላል። እንቅፋቱ መሪው ነው። የኤንትሬ መሪ ሰፌድ ያህላል፤ ጭን ላይ ሊያርፍ ምንም ስለማይቀረው ቀጥ ያለ እግር ከሥሩ አይነሳም። ይርዳው አስቦ አስቦ፣ ከተገለበጠ አይሱዙ ላይ ከፍ ዝቅ የሚል መሪ ከነዘንጉ አገኘና «ይኸን እገጥምልሃለሁ፤ ማንንም ሳትለምን ራስህ ትነዳለህ» አለው። ውቤም እስኪያልቅ ሥራ ፈትቼ አልቀመጥም ብሎ አብርሃ ጅራ ሄደ፤ የአንድ ባለእርሻ ሠራተኞች ተቆጣጣሪ ሆነ። ከዚያ እየደወለ ወንድሙን ይተርበው ነበር።

«አንተ ያን መሪ እስክትጨርስ ሰሊጡ በእግሩ ሄዶ ጎንደር ይገባል።»

ሥራው የሚቸኮልበት አልነበረም። የድሮው ዘንግ ከታችኛው የመሪ ሳጥን እስከ ሾፌሩ ደረት አንድ ወጥ ብረት ነው። የአይሱዙው አጭር ነው፤ ጫፉ ክሮቸራ በሚሉት የመስቀል መገጣጠሚያ ይታጠፋል፣ የሁለቱም ጥርስ አይገናኝም። ይርዳው የድሮውን ቆርጦ ሁለቱን የሚያጋጥም የብረት እጅጌ ጎንደር ብረት የሚቀርጽ ቶርኖ ቤት አሠራ። የአይሱዙውን ትንሽ መሪ ግን አልተጠቀመበትም። ሽማግሌው መሪ የሚያቀልለት የዘይት ግፊት የለውም፤ በትንሽ መሪ ሊያዞረው የሞከረ ሰው ትከሻው ይገነጠላል። ያንኑ ሰፌድ የሚያህለውን መሪ አዲሱ ዘንግ ላይ አስቀመጠው። መርዶው የደረሰው ዘንጉና የመሪ ሳጥኑ ሳይገናኙ ነው።

ሳንጃ ሲደርሱ ሰዉ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ሞልቶ ነበር። ይርዳው አላለቀሰም። አክስቱ እማማ ወለተሥላሴ ክንዱን ይዘው «አልቅስ እንጂ አንተ ልጅ፣ በሽታ ይሆንብሃል» አሉት። ሊያለቅስ ሞከረ፤ አልመጣም። ሲያይ የነበረው ሳጥኑን ነው። ውቤ ረጅም ስለነበር ሳጥኑም ረጅም ነው። ከክዳኑ ሚስማሮች አንዱ ጠሞ ገብቷል። ወደ ጉድጓዱ ሲያወርዱት እሱም በእግር በኩል ገመዱን ያዘ። አፈሩ ጥቁር ነበር፣ የክረምቱን እርጥበት ገና አልጨረሰም። ሲመለሱ ሰው እጁን ያስታጥበው ነበር፤ እሱ ጭቃው እስኪለቅ ጥፍሩን ፈተገ።

ኮኪት ሲገባ ድንኳን ተተክሎ ቆየው። የተተከለው ሽማግሌው ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ነው። በግቢው ሌላ ሜዳ ስለሌለ የእድሩ ሰዎች እሱ ለቀብር እንደሄደ መኪናውን ገፍተው አስወጥተውታል። መሪው ከጎማው ጋር አለመገናኘቱን ያወቁት መኪናው መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ነው። ግማሹ ሰው ከኋላ ይገፋል፤ ግማሹ የፊት ጎማዎቹን በፌሮ እየፈነቀለ ያጣምማል፤ አንዱ ቀኝ ሲል ሌላው ግራ ይላል። እንዲህ እያሉ መንገድ ዳር ያለው ኒም ዛፍ ሥር አንድ ጎማው ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ይርዳው መሪውን ሲፈታ ጎማዎቹ ቀጥ ያሉበትን ቦታ የመሪ ሳጥኑ ዘንግ ላይ በቀለም ምልክት አድርጎበት ነበር፤ ምልክቱ ከቦታው ዞረ። አቶ ስንሻው ቀረብ ብለው ጥፋት መሥራታቸውን ተናገሩ።

«የሐዘን ድንኳን ይቀድማል» አለ ይርዳው። ማንን ይቆጣል፤ የገፋው እድሩ በሙሉ ነው።

እስከ ሠልስቱ ፍራሽ ላይ ተቀመጠ። ሰው ይመጣል፣ እግዜር ያጥናህ ይላል፣ ንፍሮ ይዘግናል፣ ስለ ዝናቡና ስለ ገላባት መንገድ ያወራል፣ ይሄዳል። ይርዳው ለሁሉም ይመልስ ነበር። አንዳንዱ ሰው ከወጣ በኋላ ማን እንደነበረ አያስታውስም።

ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት ፍቅርአዲስ ጥቁሯን ለብሳ ጋራዡ ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ መኪናው ይነሳ» አለች። «ሰሊጡ እየታጨደ ነው። ልጆቹ የሚበሉት ከሱ ነው። ሳጂድ ይነዳዋል፣ አነጋግሬዋለሁ።» ትንሽ ቆይታ፣ «መሪውን ለሳጂድ እንዲሆን አርገው ይሥሩት» አለች።

ይርዳው እሺ አለ። ለውቤ ቃል ገብቶ የጀመረውን ለሌላ ሰው ቁመት መጨረስ እንዳለበት የገባው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ሳጂድ አጭር ነው። ለውቤ እግር መሪው ሽቅብ መውጣት ነበረበት፤ ለሳጂድ ግን መውረድ አለበት። አዲሱ ዘንግ ከፍ ዝቅ ይላል ቢባልም የሚሄደው አንድ ጋት ያህል ነው፤ የቀረውን የሚወስነው መያዣው ጋቢናው ላይ የሚበየድበት ቦታ ነው። የሁለቱ ሰዎች ቦታ አንድ ላይ አይገናኝም።

መኪናውን ከቦዩ አስወጥቶ ፊቱን በክሪክ አነሳው። ምልክቱ ከቦታው ስለዞረ የመሪ ሳጥኑን ዘንግ በእጁ እስከ ግራው ጫፍ፣ ከዚያ እስከ ቀኙ ጫፍ እየቆጠረ አዞረና ግማሹን መለሰ። ጎማዎቹ ቀጥ አሉ። እጅጌውን አስገባ፣ ክሮቸራውን አጋጠመ፣ ቡሎኖቹን አጠበቀ። ምንም አልተሰማውም። እጁ ሥራውን ስለሚያውቅ ብቻውን ይሠራ ነበር። ረፊቃ ያመጣችለት ሻይ የጋቢናው መርገጫ ላይ ቀዘቀዘ።

የቀረው ያ መያዣ ነው። ይርዳው በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለውን ነገር ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ በይዶ አያውቅም። የአሮጌ መኪና ወንበር በየባለሙያው እጅ የተጠጋገነ ነው፤ ልኩ በሜትር አይገኝም። ሰውየው ይቀመጣል፣ እጁን ይዘረጋል፣ እግሩን ያነሳል፣ ያኔ «እዚህ ጋ» ይባላል። ሳጂድን ጠራው።

ሳጂድ ጋቢናው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ይርዳው ዘንጉን ይዞ ወደ ታች አወረደ፣ ለሳጂድ ልክ የሚሆነው ጋ ደረሰ። እዚያ ይዞት ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሽቅብ አነሳው።

«ግራ እግርህን ዘርጋ» አለ።

ሳጂድ ዘረጋ።

«እንዳታጥፈው። ቀጥ እንዳለ ከዳሌህ አንሳው።»

ሳጂድ ዞሮ አየው። ከውቤ ጋር አንድ ጋቢና ውስጥ ብዙ መንገድ ሄዷል፤ ከአደጋው ወዲያም ስንቴ ደግፎ አውርዶታል። ቀኝ እጁን ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተክሎ፣ ወገቡን ወደ ቀኝ አዘንብሎ፣ እግሩን እንደ ግንድ ከመሪው ሥር አነሳ። ውቤ እንዲህ ነበር የሚያነሳው። ጭኑ መሪውን ነካ፤ ይርዳው ዘንጉን ትንሽ ከፍ አደረገ። ሳጂድ ደግሞ አነሳ። አልነካም።

«ኸላስ?» አለ ሳጂድ፣ አለቀ ወይ ለማለት።

«እንዳለህ ቆይ።»

ይርዳው የብየዳውን መነጽር አደረገ። ሳጂድ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ብልጭታው ሱሪው ላይ ሲወድቅ እንኳ እግሩን አላጠፈም። ብየዳው ጥሩ ነበር፣ ቀዳዳ የለው፣ ጠብታ የለው። ይርዳው በብሩሽ ጠረገው። ሳጂድ ሲወርድ ግራ እግሩ ደንዝዞ ጥቂት እርምጃ አነከሰ።

ሽማግሌው ወደ ሥራ ገባ። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መሪው አይንቀጠቀጥም። ሳጂድ ማንሻውን ስቦ እስከ መጨረሻው ዝቅ ቢያደርገውም ግን መሪው ከአገጩ አይወርድም። የታጠፈ ጆንያ ከሥሩ አስቀምጦ ክንዱን ሰቅሎ ይነዳል። የኮኪት ሾፌሮች አልማሩትም።

«ሳጂድ፣ መሪ ነው የያዝከው ወይስ ማንጎ ታወርዳለህ?»

«እናንተ ጉልበታችሁን አቅፋችሁ ንዱ» ይላቸዋል። ለምን እንዲህ ሆኖ እንደተሠራ ለማንም አልተናገረም።

ፍቅርአዲስ አየች። አንድ ጠዋት ሽማግሌው ሊጫን ሲወጣ በሩ ላይ ቆማ ሳጂድን ስትመለከት ቆየችና ወደ ይርዳው ዞረች።

«ለሳጂድ ብዬዎት ነበር ጋሼ።»

«አዎ» አለ ይርዳው።

«ትከሻውን ያመዋል። ሚስቱ ዘሊካ ነግራኛለች።»

ይርዳው ሰሊጡ ይለቅና ቆርጬ ዝቅ አደርገዋለሁ አላት። መሄጃዋ ወፍጮ ቤት ነበር፣ ሄደች።

የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ብየዳውን ቆርጦ፣ መያዣውን አውርዶ፣ ሳጂድን እንደ ራሱ አስቀምጦ መበየድ ነው። ሰሊጡ አለቀ። ለአርባው ተዝካር ዘመዱን ሁሉ ሳንጃ አድርሶ የመለሰው ሽማግሌው ነው። አሁን ማሽላ ይጭናል። ጭነት በሌለበት ቀን ጋራዡ በር ላይ ይቆማል፤ ይርዳው ጎማውን ያያል፣ ዘይቱን ይለካል፣ ግራሶ ያጠጣዋል፣ የጋቢናውን በር ግን አይከፍትም። መያዣው እስካሁን ዝቅ አላለም።