እሺታዋ ያሳሰራት አየለች

አየለች በኬንያዋ ሞያሌ፣ ማንያታ በሚባል ሰፈር ውስጥ ሻይና ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ ሸጣ የምታድር ሴት ናት። ከሻይ ቤቷ በር ላይ ቆሞ ቀና ያለ ሰው የኢትዮጵያን ወገን ከነቆርቆሮው ያየዋል። እዚያ ማዶ ወንዱ የሚባል ሰው አለ። ለሌላው ሰው የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ለእሷ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ነፍሷ ነው። ከአገሯ ወጥታ ኬንያ የገባችውም የመኪናው መንገድ በዚያ ስለሆነ፣ እሱን ብላ ነው።

አመሻሽ ላይ መኪናውን ዳገቱ ጋ ያቆምና ይደውልላታል። «አየሽኝ?» ይልና መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። «አየሁህ የኔ ጌታ!» ትላለች፣ ቻፓቲው እያረረባት። ደንበኞቿ ይስቁባታል። ይሳቁ! እነሱ ምን ቸገራቸው? በእግሯ ልትደርስበት የምትችለውን ሰው ከሩቅ እያየች መዋል እንዴት ሆድ እንደሚያባባ እሷ ናት የምታውቀው።

ታዲያ ለምን አትሻገርም? ፍርድ ቤት ከልክሏት ነዋ! ይግባኟ እስኪታይ በዋስ ስትለቀቅ ከኬንያ እንዳትወጪ ተብላለች። እሱ ደግሞ አይመጣም። «አሁን ብመጣ ነገር ይበላሻል፤ ጉዳይሽ ይለቅና» ይላታል። እሷም ታምነዋለች።

ነገሩ የተበላሸው ገና ከመምጣቷ ነው። ወንዱ አንድ ቀን «ዱቄት ግዢበት» ብሎ የሽልንግ ኖቶች ሰጣት። ደስ ብሏት ሰሊም ወደሚባል ነጋዴ መደብር ሄደች። ሰሊም ኖቱን ወደ ብርሃን ቀና አድርጎ አየና ፊቱ ተለዋወጠ፤ ፖሊስ ጠራ። የቀረውም ከመቀነቷ ወጣ። ወይ ጉድ፣ ሁሉም ፎርጅድ!

ፖሊሱ በስዋሂሊ ይጠይቃል፤ የእሷ ስዋሂሊ ያኔ ከሻይና ከስኳር አያልፍም። አማርኛ የሚችል ሲፈለግ ገልገሎ የሚባል የከብት ደላላ ተገኘ። የሱም አማርኛ ከዋጋ ወዲያ አይሻገርም። «ሐሰተኛ መሆኑን እያወቅሽ ነው የከፈልሽው ይላል» አላት። አየለች ጨዋ ናት፤ ሰው ሲናገር አፏን ለጉማ አትቆምም። የሚቀጥለውን ልትሰማ «እሺ» አለች። ገልገሎ በስዋሂሊ «ሳዋ»፣ ልክ ነው፣ አለ። ፖሊሱ «አምናለች» ብሎ ጻፈ። በቃ! ሐሰተኛ ገንዘብ በመያዝና በማዘዋወር ተፈረደባት።

ጠበቃዋ ግሬስ «ማን ሰጠሽ? ስሙን ንገሪኝ፣ ይቀልልሻል» ብላ ለምናት ነበር። «ገበያተኛ ነው» አለች አየለች፤ ከዚያ ወዲያ ወይ ፍንክች! እሱም ተታሎ ነው እንጂ አውቆማ እኔን አያስበላኝም ትላለች በልቧ። ቢያዝባትስ? ከዚያ ማዶ ማን መብራት ሊያበራላት ነው?

ይግባኙ ማርሳቢት ከተማ ተሰማ። አዳኖ ለተባለው አስተርጓሚ ዳኛው ሥራውን ሲያስረዱት፣ እሱ በአክብሮት አንገቱን እየሰበረ «እሺ… እሺ…» ይላል። ግሬስ ብድግ አለች።

«ክቡር ዳኛ፣ ይህ ሰው አሁን ምን አመነ?»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። አዳኖ ደነገጠና «ኧረ እየሰማሁ ነው ማለቴ ነው!» አለ። ዳኛውም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ጻፉ። በመጨረሻ ያቺ ቃል የእምነት ቃል አይደለችም፣ ሴትዮዋ ማወቋም አልተረጋገጠም ተባለና ፍርዱ ተሻረ።

አየለች ሞያሌ እንደገባች ሻይ ቤቷን እንኳ አልከፈተችም። ፀጉሯን ተሠራች፤ ወንዱ የሚወደውን ቀሚስ ለበሰችና ኬላውን ተሻገረች። ወንዱ መኪናው አጠገብ ቆሟል። ከስቷል፤ አንጀቷን በላው። ሄዳ አንገቱ ሥር ተወሸቀች፤ ስትናፍቀው የኖረችውን ጠረኑን ማገችው። እሱም አቀፋትና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። ናፈቅሽኝ ሊለኝ ነው ብላ ዐይኗን ጨፈነች።

«ስሜን አልጠራሽም አይደል?» አላት።

እጇን ቀስ ብላ ከአንገቱ ላይ አነሳች።

«አልጠራሁም» አለችው። «ከእንግዲህም አልጠራውም።»

ይህን ብላ ወደ ማንያታ ተመለሰች።