ያከሳኋት ጥንቸል

እኔ የቸሃ ልጅ ነኝ። አባቴ ቤት ለመስቀል የሚታረደውን በሬ የማደልበው እኔ ነበርኩ። ሰው መጥቶ የበሬውን ጀርባ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «የማን እጅ ነው?» ሲል፣ እናቴ በአገጯ ወደኔ ትጠቁማለች። ወልቂጤ የተዳርኩትም በዚሁ እጄ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም። መልኬማ እንደ ነገሩ ነበር።

በጣሊያን ጊዜ ባሌ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ይፈልጥ ነበር። አፉ አያርፍምና የኔን እጅ ለሥራ ጓደኞቹ ሲያወድስ አለቃው ጣሊያን ሰምቶ ኖሯል። አንድ ቀን ሰውዬው አስተርጓሚውን ቅርጫት አሸክሞ እቤታችን ድረስ መጣ። ቅርጫቱ ሲከፈት ሁለት ጥንቸሎች! ሴቷ ነጭ፣ እንደ ሊጥ የተዘረጋች፤ ወንዱ ግራጫ፣ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር። ጣሊያኑ ሴቷን ብድግ አድርጎ «ግራሳ! ግራሳ!» አለና የጣቶቹን ጫፍ ሳመ። ከዚያ አንድ ጆንያ ገብስ አስወርዶ፣ ጅማ ደርሶ እስኪመለስ እንድቀልባቸው አዘዘኝ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ! ግን ባሌ በእጁ ነው፣ ምን ይባላል? እሺ አልኩ።

ግራሳ ስሟ መሰለኝ። «ግራሳዬ፣ ነይ እስቲ» እያልኩ እጠራት ጀመር። ስገባ እየተንከባለለች መጥታ አገጯን እግሬ ላይ ታሳርፋለች። ሆዳምነቷ ግን አያድርስ ነው። ወንዱ እሷ እስክትጠግብ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፣ እሷ ደግሞ መጥገብ የሚባል ነገር አታውቅም። ውፍረቷ ዞራ ጀርባዋን እንዳትልስ ከልክሏት ዝንብ ይሰፍርባት ነበር። ወንዱን ለብቻው ላበላው ጓዳ ብወስደው፣ ገብሱን አሽትቶ ተወው። እሷም ከወዲያ መሬቱን በእግሯ እየደበደበች ሣሯን አልነካ አለች። መልሼ ሳገናኛቸው ነው የሁለቱም አፍ የተከፈተው። «ወይ ጉድ! እነዚህስ በቁርባን የተጋቡ ናቸው» አልኩ።

አንድ ቀን አስተርጓሚው ውሃ ሊጠጣ ብቅ ብሎ ስጠራት ሰማና ሳቀብኝ።

«ስሟ እኮ አይደለም፣ እህቴ። ወፍራም ማለቱ ነው። ለበዓላቸው ሲመለስ ሊበላት ነው። ወንዱ ካልወፈረም ለውሻው ይሰጠዋል።»

«አበስኩ ገበርኩ!» አልኩ።

እኔ ለቢላ ያደለብኩት ብዙ ነው፣ አልክድም። በሬ ግን ለመስቀል ነው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ መርቆ ነው። ይቺን አገጯን እግሬ ላይ የምታሳርፈውን ለዚያ ሰውዬ? በጭራሽ! ግን ብደብቃቸው ባሌ ይገረፋል። ሳወጣ ሳወርድ አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ። ሴቷ ለድስት እንዳታምር ትክሳ፣ ወንዱ ለውሻ እንዳይጣል ይወፍር፣ እሱም ቢሆን ለድስት እስኪመኙት ድረስ አይሁን።

ለአማቴ ብነግራት ራሷን ያዘች። «ማክሳት? በዚህ አገር? ሰው የሰማ እንደሆነ ስምሽ አለቀለት!»

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ማድለብ እንጂ ማክሳት የሚያውቅ የለም፣ እንስሳ የሚከሳው በድህነት ወይም በስንፍና ነው። ቆይታ ግን «እንግዲያው አስጾሚያት» አለችኝ። እኔ ሞኟም አስጾምኳት። ሳይመሽ ኩርምት አለች፣ ሆዷ ጠጠረ፣ በጠጧም ቆመ። ልትሞትብኝ ነው ብዬ አለቀስኩ፤ ድርቆሽ አፏ ላይ ይዤ እስክታላምጥ ድረስ ለመንኳት። ጥንቸል ጾም አትችልም፣ ይኸው ከዚያ ወዲህ አውቃለሁ። ሣሩና ድርቆሹ እንደ ልቧ ሆኖ፣ መቅረት ያለበት ገብሱ ነው።

ግን ለሱ ገብስ እየሰጡ ለሷ መከልከል እንዴት ይቻላል፣ ካልተለያዩ? መላው የመጣልኝ ከከብቱ ማደሪያ የሚለየንን የሸምበቆ አጥር ሳይ ነው። ከታች አንድ ሸምበቆ መዝዤ ቀዳዳ አበጀሁና ገብሱን ከወዲያ አደረግሁ። ወንዱ ሹልክ ብሎ ገባ። እሷ ራሷን አስገብታ ትከሻዋ ላይ ቀረች! ተያይተው፣ ተሻትተው ነውና እሱ ያለ ሐሳብ በላ፣ ሲጨርስም ወጥቶ ግንባሯን ላሰላት። እሷ ግን የተኮሳተረችው በኔ ላይ ነበር። «እመቤቴ፣ ስትከሺ ትገቢያለሽ» አልኳት። ውሃዋንም ከሣሩ አርቄ አስቀመጥኩ፣ ሄዳ ትጠጣ ብዬ። ሚዛኔ ክንዴ ነው፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዷን በግራ አቅፌ አመዛዝናለሁ። ቀስ በቀስ ግራ ክንዴ ቀለለው። ዞራ ጀርባዋን መላስ ስትችል ዝንቡም ተዋት። ጎረቤት ግን «የዚያች የቸሃዋ እጅ ምን ነካው?» ይል ጀመር። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ፣ ዝም ማለት ደግሞ አልፈጠረብኝም።

ጣሊያኑ ተመለሰ። ሴቷን ብድግ ሲያደርግ ፊቱ ጠቆረ። «ማግራ!» ብሎ ጮኸ። ወንዱን አነሳ፣ ሁለቱን አስተያየ፣ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ለድስትም ለውሻም አይሆኑ። የሚለውን ሁሉ አስተርጓሚው ተረጎመልኝ።

«ከሳች ነው የሚለው። ይቺ ሴት እንስሳ መያዝ አታውቅም፣ ባሏ ጉራውን ነው የነዛብኝ፣ ይላል።»

ለኔ! ያን ሁሉ በሬ ላደለበ እጅ! ምላሴ ላይ የመጣውን እግዜር ያውቀዋል። ነጠላዬን ወደ ግንባሬ ሳብ አድርጌ «ይቅር ይበሉኝ፣ ጌታዬ» አልኩ። ሆዴ ግን በኩራት ሊፈነዳ ነበር። በዕድሜዬ ብዙ ተመስግኛለሁ፣ እንደዚያ ስድብ ያኮራኝ ምስጋና የለም። ጣሊያኑም አጠገቤ የቆመውን ባሌን በንቀት አየና የተረፈውን ገብስ አሸክሞ፣ ጥንቸሎቹን እዚያው ጥሎልን ሄደ።

ከአጥሩ በር ተመልሼ ስገባ ሴቷ ከቦታዋ የለችም። ጎንበስ ብዬ በቀዳዳው ባይ፣ ከወዲያ ከወንዱ ጎን ቁጭ ብላ የፈሰሰ ገብስ ትለቅማለች። እልልታዬን አቀለጥኩት። አማቴ እየሮጠች መጥታ «ምንድን ነው? ምን ተገኘ?» አለችኝ።

«ገባች፣ እማማ! ገባች!» አልኳት።