በሬዲዮ የፈሰሰው ውሃ

ጅግጅጋ ሱቅ በነበረኝ ዘመን ጎረቤቴ ሻይ የምትሸጥ ሶማሌ ሴት ነበረች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ መጀመሪያ «እርስዎ» እያልኩ አናግራት ነበር። አንድ ቀን ዞር ብላ ኋላዋን አየችና «ሌላ ማን አለ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ «ኤዶ» እላታለሁ፣ አክስቴ እንደ ማለት ነው፤ እሷም «አባዮ»፣ እህቴ፣ ትለኛለች።

በሰፈራችን አዲስ የውሃ ቧንቧ ተተከለ። ለምርቃቱ ድንኳን ተጣለ፣ ፍየል ታረደ፣ አንድ ኃላፊ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። የአማርኛ ሬዲዮ ጋዜጠኛም መቅረጫውን ደግኖ አጠገቡ ቆመ። ኃላፊው ሪባኑን ቆርጦ ቧንቧውን ሲከፍተው «ፍፍፍፍ» አለ። ንፋስ ነው። ጠበቅን። ቧንቧው ሁለቴ አስነጠሰና አንድ በረሮ ጣለ። ኃላፊው አጨበጨበ፤ እኛም ፍየሉ ገና ስላልቀረበ አጨበጨብን።

በማግስቱ ኤዶ ቤት ሬዲዮ ስንሰማ «ነዋሪዎቹ የውሃ ችግራቸው በመፈታቱ የተሰማቸውን ደስታ ገለጹ» ተባለ። ከአንባቢው ድምፅ ሥር ውሃ ሲንፎለፎል ይሰማል። በአህያ ጋሪ ውሃ የሚሸጥልን ሰውዬ ሻዩን አስቀምጦ «ኧረ ይሄ ውሃ የየት ነው? ሄጄ ልቅዳ!» አለ። ኤዶ ባዶ ጀሪካን አምጥታ ሬዲዮኑ ሥር አስቀመጠች። ምንድን ነው ለሚላት ሁሉ «ወረፋ ይዤ ነው» ትላለች። እስከ ማታ የሰፈሩ ጀሪካን ሁሉ ሬዲዮኑ ሥር ተሰለፈ።

ሳምንታት አለፉ። ጋዜጠኛው ከደገሀቡር ሲመለስ ደክሞት ሻይ ልጠጣ ብሎ ኤዶ ቤት ገባ።

«ውሃ የለም» አለችው ኤዶ። «ያንተ ሬዲዮ ውስጥ ግን አለ። ቅዳና አምጣ፣ አፈላልሃለሁ።»

ሰውዬው ጆሮው ድረስ ቀላ። «የውሃውን ድምፅ እኔ አይደለሁም ያስገባሁት። ቢሮ ያሉት ናቸው።»

«እንግዲያው አሁን የምናገረውን ለቢሮ ስጥልኝ። አባዮ፣ ነይ ተርጉሚ! እኔ በአማርኛ ሻይ መሸጥ እንጂ መቆጣት አልችልም።»

የኔ ሶማሊኛ ደግሞ ስኳርና ሳሙና ከመሸጥ አያልፍም። ጋዜጠኛው መቅረጫውን ከፈተ። ኤዶ ማንኪያዋን እያወዛወዘች ብዙ ተናገረች። እኔ ስለ ንግድ ፈቃዴ እያሰብኩ ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ውሃው ትንሽ ዘግይቷል ይላሉ» አልኩ።

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። «ትንሽ?» አለች በአማርኛ። «በረሮውን የት አደረስሽው? የኃላፊውን ጭብጨባስ?»

«ኤዶ፣ ይሄ እኮ ሬዲዮ ነው!»

«ሬዲዮ ስለሆነ ነዋ! ላንቺ ብቻማ በየቀኑ እነግርሽ የለ እንዴ?»

እያላበኝ ሁሉንም ተረጎምኩ። ቃሉ ሲጠፋኝ ኤዶ በእጇ ታሳየኛለች፤ እኔም «አሁን እጃቸውን እንዲህ እያደረጉ ነው» እላለሁ። የቧንቧውን ማስነጠስ ግን ለኔ አልተወችውም፤ መቅረጫውን ወደ አፏ ስባ ራሷ አስነጠሰችው። ጋዜጠኛው ሳቁ እንዳይቀረጽ ክንዱን ነክሶ ነበር።

የኔን ቆርጦ ያወጣዋል ብዬ ነበር። አንዲት ቃል አልቆረጠም። «ውሃው ትንሽ ዘግይቷል ይላሉ» ያልኩት፣ ቁጣዋ፣ ማስነጠሷ፣ ሁሉም ተላለፈ። ለብዙ ጊዜ ገበያ ስወጣ «ትንሽ ዘግይቷል መጣች!» ይሉኝ ነበር።

ግን የውሃ ቢሮ ሰዎች መጡ። መሬቱን ሲቆፍሩ ቧንቧው ከምንም ጋር እንዳልተገናኘ ታየ፤ ጫፉ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል። ቀጠሉት። መጀመሪያ ቡናማ፣ ኋላ ጥርት ያለ ውሃ ወረደ። ኤዶ ለጋዜጠኛው ሻይ ላከችለት። ባለ ጋሪው ግን ሁለታችንንም አኩርፎ ሰነበተ።

ከዚያ በኋላ የኤዶ ሻይ ቤት የአቤቱታ ቢሮ ሆነ። አንድ ቀን ግመል የጠፋበት ሰውዬ ከአውበሬ ድረስ «የሬዲዮዋን ሴትዮ አገናኙኝ» እያለ መጣ። ኤዶ መጀመሪያ ሻይ ሸጠችለት። ከዚያ ከፊቱ ተቀመጠችና እኔን ጠራችኝ። ሰውዬው በሶማሊኛ ስለ ግመሉ ይናገራል፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እኔ ጋዜጠኛ በሌለበት፣ ምንም ሳላስቀር፣ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ።