በአባዬ አንጓ ልክ

የበቆሎ ዱቄት ከረጢት አፉ በነጭ ክር ነው የሚሰፋው። ትክክለኛውን ጫፍ አግኝተው ከሳቡት ጥርርር ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል፤ ካጡት ግን ያለ ቢላዋ አይፈታም። ወረርሽኙ መጥቶ ዓለም ሁሉ በሩን በዘጋበት በዚያ ዓመት፣ እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ቶኮዛ ባለችው ሱቃችን ደንበኞቻችን ሙሉ ከረጢት መግዛት ትተው በኩባያ መውሰድ ስለጀመሩ፣ በየጠዋቱ አንድ ከረጢት እፈታ ነበር። ክሩን መጣል አልሆነልኝም። ሳላስበው ክንዴ ላይ እጠመጥመዋለሁ፤ ከእጄ አንጓ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ። ባለቤቴ አንድ ቀን አየኝና «ደግሞ ክታብ ጀመርሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ክታብስ አይደለም፤ እመቤቴ ትጠብቀኝ። የዝናብ መለኪያ ነው።

ያደግሁት ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ካሉት ደሴቶች በአንዷ ላይ ነው። ለማያውቅ ሰው ደሴት ሲባል ልምላሜ ይመስለዋል። የእኛዋ ግን ውሃ መሃል የተቀመጠች ደረቅ ኮረብታ ነበረች። ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ አናት ትበሳለች። እርሻችን ከቤታችን በላይ ቁልቁለቱ ላይ በድንጋይ እርከን የተደረደረ ነው፤ አፈሩ ስስ ስለሆነ አንድ ሰሞን ዝናብ ከቀረ አመድ ይሆናል። ከታች ሐይቁ ዓይን እስኪደክም ተዘርግቶ ሳለ እኛ ከላይ እግዚኦ እያልን ዝናብ እንለምናለን። በእንስራ እየተሸከሙ ስንቱን እርከን ማጠጣት ይቻላል?

ግንቦት ሲገባ ከሰዓት በኋላ በአርሲ ተራሮች በኩል ደመናው መጥቆር ይጀምራል። ነፋሱ ሐይቁን ስለሚያስቆጣው ታንኳ ያለው ሁሉ ከእኩለ ቀን በፊት ይገባል። እኛ ልጆች ከትምህርት ቤት ስንመለስ ድንጋይ ላይ ወጥተን ዝናቡን እንጠብቃለን። ታጥቦ እንደተሰጣ ጋቢ ከሰማይ ተንጠልጥሎ፣ ውሃው ላይ እየተጎተተ ወደ እኛ ሲመጣ ይታያል። ሽታው ይቀድማል፤ የእርጥብ አፈር ሽታ፣ ከማዶ። ድምፁም ይሰማል። ከዚያ እንትፍ እንትፍ ብሎብን ሐይቁ ላይ ያልቃል። አንድ ጊዜ አባቴን «እግዚአብሔር ለምንድን ነው ውሃ ላይ የሚያዘንበው?» አልኩት። መረቡን እየጠገነ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ዓሣውስ የማን ነው?» አለኝ።

ትልልቆቹ «የግንቦት ዝናብ ቆሞ የሚሄድ እንግዳ ነው» ይሉ ነበር። ተቀመጠ ብለው ዘር ከበተኑለት በማግሥቱ የለም። ስለዚህ በቤታችን አንድ ሥርዓት ነበረ። ዝናብ ሲዘንብ አባቴ በነጋታው ወደ ላይኛው እርከን ይወጣና ጣቶቹን ቀጥ አድርጎ አፈሩ ውስጥ ይሰዳል። እጁ እስከ አንጓው ተቀብሮ የጣቶቹ ጫፍ አሁንም እርጥብ ካገኘ ይዘራል። ጫፋቸው ደረቅ ከነካ እጁን አራግፎ፣ አማትቦ ይወርዳል። ደሴቷ ላይ ሁሉም አባወራ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ስምንት ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ ሐይቁ ዳር የሚበቅለው የደንገል ጉቶ የአባቴን እግር ወጋውና አብጦ ከቤት አስቀረው። በዚያው ሳምንት ዘነበ። ጠዋት ደጃፍ ላይ እግሩን ዘርግቶ ጠራኝ፤ «ጥሩዬ፣ እስኪ ውጪና ለኪልኝ። እስከ አንጓ ከደረሰ ነይና ንገሪኝ።» ታላቅ ወንድሜ እያለ እኔን መላኩ ልቤን አሳበጠው። እኔ ጠንቃቃ ልጅ ነበርኩ፤ ወንድሜን «ሂድ» ሲሉት መንገድ ላይ ወፍ ያያል። ተንጠላጥዬ ወጣሁ። በሦስት እርከን ለካሁ፤ በሦስቱም እጄ እስከ አንጓዬ ገባ፤ ጣቶቼ ቀዝቃዛ እርጥብ አገኙ። እየሮጥኩ ወርጄ «እስከ አንጓ ደርሷል አባዬ!» አልኩ። «በስመ አብ» ብሎ ለእናቴ ዘሩን አውጪ አላት። እናቴ ሰማዩን አየት አደረገች። ከወንድሜ ጋር ዘሩ።

በቆሎው በቀለ። ሁለት ሁለት ቅጠል አውጥቶ ቆመ። ከዚያ ሰማዩ ተዘጋ። በየቀኑ ነፋስ ብቻ። ዝናቡ ማዶ ይወርዳል፣ ሐይቁ ላይ ይወርዳል፣ እኛን ይዘለናል። ቡቃያው ቀትር ላይ እንደ ሕፃን ጣት እየተጠቀለለ፣ በሳምንቱ ከጫፉ እየቀላ ሄደ። እኔ ከታች በቅል ውሃ እየቀዳሁ፣ ሰው እንዳያየኝ በጓሮ ዞሬ፣ የላይኛውን እርከን አንድ ጥግ አጠጣ ነበር። ስደርስ ግማሹ ፈስሷል። የጎረቤት ልጆች ወሬውን ሰምተዋልና ባዩኝ ቁጥር «ጥሩዬ፣ ዛሬ ስንት ጣት ዘነበ?» ይሉኛል። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆሜ፣ ሳልዋሽ የዋሸሁት እንዴት እንደሆነ ማርያምን ጠየቅኋት። ለካሁ፤ እስከ አንጓዬ ነበረ። ታዲያ ምን አጠፋሁ?

አንድ ቀን ቅሉን እንደያዝኩ አባቴ ያዘኝ። ጎረቤታችን አያ ደምሴ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። «ዘንድሮስ እርሻውን ለሕፃን አስረክበህ ጉድ ሆንክ» አሉት፤ የክፋት አልነበረም፤ የሰውዬው ጨዋታ እንዲህ ነው። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «እጅሽን አምጪ» አለኝ። ሊመታኝ መስሎኝ መዳፌን ዘረጋሁ። እሱ ግን የራሱን መዳፍ ከመዳፌ ጋር ጫፍ ለጫፍ ገጠመው። የእኔ አንጓ ያለቀው የእሱ መዳፍ መሃል ላይ ነበር። ሁለቱን እጆች አያቸው። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ደምሴ፣ ልጅቱ በትክክል ነው የለካችው» አለ። «እጇን ሳላይ የላክኋት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ትልቅ ሰው፣ ያውም አባት፣ በጎረቤት ፊት ለልጅ ጥፋቱ የእኔ ነው ሲል ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። አልቅሼ አላቆም አልኩ።

አባቴ ከጋቢው ጠርዝ ክር መዘዘ። እጆቻችንን እንደገና ገጥሞ፣ የእሱ አንጓ በክንዴ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ፈልጎ፣ ወደ ክርኔ ጠጋ አድርጎ አሰረልኝ። «ከእንግዲህ የምትለኪው እስከዚህ ነው» አለ። እናቴ ይህን ሁሉ ከበሩ ሆና ስታይ ቆይታ ወደ ጓዳ ገባችና አንድ ቅል ይዛ ወጣች። ውስጡ የዘራችን ግማሽ ነበር። ያን ቀን ሰማዩን አይታ፣ ለማንም ሳትናገር አስቀርታው ኖሯል። አባቴ ቅሉን ነቅነቅ አድርጎ ድምፁን ሰማ። ያ ካልበቀለ ሌላ ዘር የለንም።

ሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ዘነበ። አባቴ እግሩ ተሽሎት በዱላ መውጣት ይችል ነበር፤ ግን እንደገና ላከኝ። እጄን ሰደድኩ። አንጓዬን አልፎ ገባ፤ ከክሩ ሦስት ጣት ሲቀረው ጣቶቼ ደረቅ ነኩ። ከእርከኑ ሆኜ ስመለከት አያ ደምሴና ልጆቻቸው እየዘሩ ነው፤ ሌሎችም እየዘሩ ነው። ወርጄ «አልደረሰም» አልኩ። እናቴ አባቴን አየችው። ወንድሜ «ሰው ሁሉ እየዘራ!» አለ። አባቴ ግን «ጥሩነሽ አልደረሰም ብላለች» ብሎ ወደ መረቡ ተመለሰ። ስሜን ሙሉውን ነው የጠራው።

ዐሥር ቀን ጠበቅን። እነዚያ ዐሥር ቀናት ጾም ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ከአፌ እህል አይገባም ነበር። በዐሥራ አንደኛው ቀን ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ክሩ ራሱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ዘራን፤ በቀለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ያዘ። እውነቱን ለመናገር የአያ ደምሴም ያዘ፤ እንዲያውም ከእኛ ቀድመው እሸት በሉ። አንድ ጠዋት እሸት ይዘውልን መጥተው «ለጠንቃቆች!» አሉ። አባቴ ስቆ ተቀበላቸው። ለእኔ ግን ቸኩለን ብንዘራ ኖሮ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ የቤታችን ለኪ እኔ ሆንኩ። በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ መዳፍ ለመዳፍ እንገጥማለን፤ ክሩ ወደ አንጓዬ አንድ ጣት፣ ሌላ ዓመት ግማሽ ጣት ይወርዳል። ማደጌን የማውቀው በዚያ ነበር። ወደዚህ አገር ስመጣ ከአንጓዬ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ቀርቶ ነበር። እጄ ከዚያ በላይ አላደገም።

እዚህ ዝናቡ ሌላ ነው። እኛ ጋ መስከረም ላይ ሲያባራ እዚህ ጥቅምት ላይ ይጀምራል፤ ከሰዓት በኋላ ጉድ በሚያሰኝ ነጎድጓድ መጥቶ በረዶውን ቆርቆሮው ላይ ያወርደውና ዞር ይላል። አባቴ በደወልኩ ቁጥር ከጤናዬ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ዘንቧል?» «ዘንቧል አባዬ።» «እስከ የት?» እኔም ለዓመታት «እንጃ አባዬ፣ እዚህ ሲሚንቶ ነው» እያልኩ ስቄ አልፈው ነበር። ሱቅ ሲጠበቅ ጊዜ የለም፤ መሬት የሚነካ ማን አለ?

በዚያ ዓመት ግን አውሮፕላኑ ቆሞ፣ ቤተ ክርስቲያን ተዘግቶ፣ ቅዳሴውን በስልክ እየሰማሁ፣ ሰው ከሰው ጋር እጅ መጨባበጥ ኃጢአት የሆነ ይመስል ነበር። ሳኒታይዘሩ እጄን ሰነጣጥቆታል። አባቴም ሽማግሌ ነውና በሽታውን ፈርቶ ወንድሜ ወደ ደጅ አያስወጣውም። መዳፉን እንደገና ሳልገጥም እንዳልቀር መፍራት ጀመርኩ። ጥቅምት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ በዘነበ ማግሥት ከሱቃችን ጀርባ ወጣሁ። ግቢው የአከራያችን ነው፤ ጎጎ እንላታለን፣ እዚህ አሮጊት ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራው። በአጥሩ ጥግ በቆሎ የምትተክልበት አንድ መደብ አላት። ተንበርክኬ የከረጢቱ ክር ክንዴ ላይ እንዳለ እጄን አፈሩ ውስጥ ሰደድኩ።

«ሃይቦ!» አለች ጎጎ ተገርማ ከበሩ፤ ማስኳን አገጭዋ ላይ አውርዳ። «ማማ፣ ምን ጠፋብሽ?»

«ዝናብ እየለካሁ ነው» አልኳት። ዱላዋን ይዛ መጣች፣ አየችኝ፣ አልሳቀችም። «እና? ልትከል?» አለችኝ።

እጄን በጭቃው እንዳለ ወደ ቤት ደወልኩ። ወንድሜ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዘለት። እዚያ በቆሎው ደርሶ እየሸለቀቁ ነበር፤ ሲንሿሿ ይሰማል። ጤናዬን ጠየቀኝ። ከዚያ እንደለመደው፦

«ዘንቧል?»

«ዘንቧል አባዬ።»

«እስከ የት?»

«እስከ አንጓ።»

በቆሎው ይንሿሿል። ፈገግ ማለቱ ከትንፋሹ ይታወቀኛል።

«በማን አንጓ?»

«በአንተ፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ዝሪ፣ ጥሩነሽ» አለኝ።

ጎጎ አሁንም አጥሩ ሥር ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ሄጄ «ትከዪ» አልኳት።