ከዩኒቨርሲቲ የታገድኩባት ዓመት

ከሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ወደ አሰበ ተፈሪ በሚወጣ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሾፌሩ የከተማችን ሰው ስለሆነ አወቀኝ።

«ትምህርት ገና አልተዘጋም፤ ምነው በደህና ነው?» አለኝ።

«በደህና ነው» ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ገብቶት ነው መሰለኝ፣ ዳገቱን እስክንጨርስ ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

አዲስ አበባ ካለው ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት ታግጄ ነበር የምመለሰው። ነገሩ የሒሳብ ፈተና ነው። እኔና ጓደኛዬ አንዱን ጥያቄ የሠራነው በአንድ ዓይነት መንገድ፣ ያውም ክፍል ውስጥ ባልተማርነው ረጅምና ጠመዝማዛ መንገድ ሆኖ ተገኘ። መንገዱን እኔ ያወቅኩት ሐረር ሁለተኛ ደረጃ ስማር ከአንድ ህንዳዊ አስተማሪ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ በፈተናው ቀን ከኋላዬ ነበር የተቀመጠችው።

ጓደኛዬ ስል ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም። በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሴቶች ጥቂት ነበርን፤ ከኛ አገር የመጣሁት ደግሞ እኔ ብቻ። ምግብ አዳራሽ ውስጥ የምቀመጥበት ጠፍቶኝ ሳህኔን ይዤ ስቆም «ነይ እዚህ» ያለችኝ እሷ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለያየንም።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሁለታችንንም ጎን ለጎን አቁሞ ጠየቀን። ዲኑና ሁለት መምህራን ነበሩ።

«ከሁለታችሁ የኮረጀችው ማናት?» አለ ዲኑ።

እሷ ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተናገረችም። አፌን ብከፍት እሷ እንደምትባረር አውቃለሁ። ሰው ፊት አቁሞ ጓደኛን አሳልፎ መስጠትም በቤታችን ያላየሁት ነገር ነው። ዝም አልኩ።

«እንግዲያው ሁለታችሁም» አለ ዲኑ፤ በዚያው አበቃ።

ውጭ ስንወጣ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «አሰበ ተፈሪ ድረስ መጥቼ አይሻለሁ። እግዜር ያውቃል፣ እመጣለሁ!» አለችኝ። አመንኳት።

አባቴ ከሸዋ ተዛውሮ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ታሪኩን ስነግረው እንደ ችሎት አዳመጠኝ።

«ምስክር ተሰማብሽ?»

«አልተሰማም፣ አባባ።»

«የመከላከያ ቃልሽንስ ሰጠሽ?»

«ዝም አልኩ።»

«ዝም ካልሽማ ምን ያድርጉ? እኛስ ፍርድ ቤት ቢሆን ዝም ያለ አመነ አይደል የሚባለው?» አለና ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። አልተቆጣኝም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ከኔ ጋር ማዕድ ሲቀርብ ቶሎ ጠገብኩ ማለት ጀመረ።

እናቴ ደግሞ ለጎረቤት «ታማብኝ መጣች» ብላ አወራች። መሸፈኗ ነበር፤ ነገር ግን በኛ ከተማ የታመመ ሰው ሳይጠየቅ አይቀርም። ሰዉ ይጎርፍ ጀመር። ጤነኛዋ እኔ ጋቢ ተከናንቤ ተኛሁ። የደብሩ ቄስ መጥተው ጸበል ረጩኝ። አጠገባችን ያሉት ሙስሊም እናት እርጎ በቅል ይዘው መጡና ግንባሬን ዳበሱኝ።

«አብሽሪ ኢንታላኮ፣ አላህ ዓፊያ ይስጥሽ። ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመሽ?» አሉኝ። ኢንታላኮ ያሉኝ ልጄ ማለታቸው ነው።

እናቴ ከኋላቸው ቆማ በዓይኗ ትማጸነኛለች። «ከሰነበተ» አልኩ። እርጎውን እያዩኝ እንድጠጣ አደረጉኝ። ቅሉን እስከ ታች ጨረስኩት። ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ ያለሁበትን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ከአልጋ ወርጄ ለአባቴና ለእናቴ «ሥራ ልፈልግ» አልኳቸው። ገለምሶ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ እንደጎደለ ሰምቼ ነበር። ዳይሬክተሩ ጎጃሜ ናቸው፤ ጠንካራና ቁጡ። ለምን ትምህርቴን እንዳቋረጥኩ ሲጠይቁኝ እውነቱን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ሌላ ሰው ባገኝ አልቀጥርሽም ነበር» አሉ። «ነገ ግቢ።»

ገለምሶ ከአንዲት መበለት ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ሴትየዋ አማርኛ እምብዛም አይችሉም፤ እኔም ኦሮምኛዬ የገበያ ነው። ጠዋት እንጠያየቃለን፣ ማታ እንጠያየቃለን፤ ከዚያ ያለፈ ወሬ የለንም። መምህራኑ ወንዶች ስለነበሩ ከሥራ በኋላ ተሰብስበው ጫታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ እኔ ወደ ክፍሌ እገባለሁ። ዝናብ ሲጥል ጭቃው መንገዱን ብቻ ሳይሆን ሰዉንም የያዘው ይመስል ነበር። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኪና ወደሚቆምበት ሜዳ እሄዳለሁ። ከአሰበ ተፈሪ በኩል የመጣው ጭነት መኪና ላይ የተሳፈሩት እየተጣሩና እየተሳሳቁ ሲወርዱ፣ የቡና ጆንያ ሲራገፍ፣ ቆሜ አያለሁ። ጓደኛዬ አገሬን ጠይቃ፣ እዚህ መሆኔን ሰምታ የምትመጣ ይመስለኝ ነበር። መኪናው ባዶ ሲሆን እመለሳለሁ።

የዓመቱ አጋማሽ ላይ የሁለት ተማሪዎች የፈተና ወረቀት ስህተቱ ሳይቀር አንድ ሆኖ አገኘሁት። ለዳይሬክተሩ አሳየኋቸው።

«ሁለቱንም አባሪያቸው!» አሉ። «ሌላው ይማርበታል።»

«ጋሼ፣ እባክዎ ለየብቻ ላናግራቸው» አልኳቸው።

«ምን ያናግራል? ወረቀቱ ተናግሯል።»

«ጠመኔ ልስጣቸው ብዬ ነው።»

ትከሻቸውን ነቀነቁ። የመጀመሪያውን ልጅ ብቻውን አስገብቼ ያንኑ ጥያቄ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩለት። ሠራው፤ ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ሲደርስ ወረቀቱ ላይ እንዳለው አድርጎ ተሳሳተ። ስህተቱ የራሱ ነበር። ሁለተኛው ገብቶ ጠመኔውን እንደያዘ ቀረ። ቆይቶ «ቲቸር፣ ቡና ለቀማ መቻራ ሄጄ ይሄ ትምህርት አልፎኛል» ብሎ አለቀሰ።

ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። የመጀመሪያውን ወደ ክፍሉ መለሱት። ሁለተኛውን ፈተናውን ሰረዙበትና ያለፈውን ትምህርት ከክፍል በኋላ እንዳስተምረው አዘዙኝ። ሲወጡ «ይህን ያህል ቀላል ኖሯል እንዴ?» አሉ፤ ለራሳቸው ነው።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ባዶው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እስከዚያ ቀን አላለቀስኩም ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ የተቀየምኩት ዝም ያለችኝን ጓደኛዬን ይመስለኝ ነበር። እዚያ ስቀመጥ ግን ሦስት የተማሩ ሰዎች ሰሌዳ ባለበት ክፍል ውስጥ አቁመውን፣ አንዳቸውም «ነይ ሥሪው» እንዳላሉኝ ታየኝ።

እገዳው ሲያልቅ ተመለስኩ። ዲኑ ያው ነበር።

«ትምህርት አግኝተሽበታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ» አለኝ።

«እኔ አልኮረጅኩም» አልኩት።

ቀና አለ። «ያኔ ለምን አልተናገርሽም?»

«የጠየቁኝ ስለ ጓደኛዬ ነው። ስለ ሒሳቡ ማንም አልጠየቀኝም።»

«ቅጣቱ እንደሆነ አልፏል። ትምህርትሽን ቀጥዪ» አለኝ። ከዚያ ሌላ ምንም አልተባለም። አብረውኝ የገቡት አንድ ዓመት ቀድመውኛል፤ በመኝታ ክፍሌ የማላውቃቸው ልጆች ነበሩ። ጓደኛዬን ስጠይቅ አግብታ ቀርታለች አሉኝ።

ከጊዜ በኋላ አንድ ቀን ፒያሳ አየኋት። ሕፃን ታቅፋለች፤ ወፈር ብላለች፤ አምሮባታል። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። በስሟ ልጠራት አፌን ስከፍት ዞር ብላ አንድ ጨርቅ ቤት ገባች። ይቅርታ እንድትጠይቀኝ ፈልጌ አልነበረም፤ ልጇን ልስምላት ነበር። ከመደብሩ ፊት ለፊት ቆሜ ጠበቅኳት። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ካፊያ ሲጀምር አንገቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ።