ሙዚየም ያልደረሰው መስቀል

ባለፈው ሳምንት ዜና ላይ አንድ የውጭ አገር ሙዚየም ከእኛ የተወሰደ ቅርስ ሊመልስ ነው ሲባል፣ ልጄ «እዚያ በደንብ ተጠብቆ የለ? ለምን ይመለሳል?» አለችኝ። ከመመለሴ በፊት ማንኩሳ ትዝ አለኝ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ነው። ፍኖተ ሰላም በአንድ የባህል ጽሕፈት ቤት አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ። ከማንኩሳ ወጣ ብላ ካለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ በክብረ በዓል በረጅም ዘንግ ከፍ ብሎ የሚወጣው መስቀል ተሰርቆ ቡሬ መናኸሪያ በበርበሬ ጆንያ ውስጥ ተያዘ። ፖሊስ እኛ ጋ አመጣው። የደብሩ ሰዎች ደስ ብሏቸው ሊወስዱት መጡ። አለቃዬ አቶ ሙሉቀን ግን «ደህና ቁልፍ በሌለው ዕቃ ቤት መልሰን አናስቀምጠውም፤ ባሕር ዳር ሙዚየም ይገባል» ብሎ መለሳቸው። ክፉ ሰው አልነበረም። እኔም ልክ መስሎኝ ነበር።

ኅዳር ላይ መስቀሉን በሳጥን ይዘን በጽሕፈት ቤቱ መኪና ወደ ባሕር ዳር ተነሳን። ሳጥኑ ጭኔ ላይ ነው፤ መስቀሉን የበርበሬው ሽታ ስላልለቀቀው ያስነጥሰኛል። በየደጁም በርበሬ ተሰጥቶ ግቢው ሁሉ ቀልቷል።

ማንኩሳ ስንደርስ፣ የመነሻችን ቀን ተሰምቶ ኖሮ፣ መንገዱ በሰው ተዘግቷል። ቄሶቹ ጥላ ዘርግተው ከፊት፣ ገበሬው ከኋላ፤ ብዙዎቹ ጠመንጃ ይዘዋል። ማንም አይጮህም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«ጥሩምባ ንፋና እለፍ» አለ አቶ ሙሉቀን።

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። «ማን ላይ ልንዳ?»

የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ጥሩነህ ወደ መስኮቴ ቀረቡ። በጣም አርጅተዋል።

«ደኅና አደርሽ ልጄ? የያዝሽው የእኛ ነው?»

«አዎ አባ፤ የእናንተው ነው።»

«የእኛ ከሆነ ወዴት ይሄዳል?»

አቶ ሙሉቀን ዞረና «እንዳይሰረቅ ብለን ነው አባ። ባሕር ዳር መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ» አለ።

«ማየት? እሱ ለማየት የተሠራ ነው እንዴ? ሌባው ጨለማ ለብሶ ወሰደው፤ እናንተ በጠራራ ፀሐይ። ለእኛ ምን ለየው?»

አንድ ጎልማሳ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። የአቶ ሙሉቀን አንገት በላብ ራሰ። እኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሳጥኑን አቅፌ ወረድኩ።

«ብንሰጣችሁ ማን ይጠብቀዋል?» አልኩ።

«እኔ» አለ ባለጠመንጃው። የመምሬ ልጅ ነው፣ ዓለምነው ይባላል። «ሁላችንም ተራ ገብተን እናድራለን። የመጀመሪያው ተራ የእኔ ነው።»

አቶ ሙሉቀን በሩን ከፍቶ ወረደ። «ስጫቸው» አለኝ በመጨረሻ። ሳጥኑን ለመምሬ አስረከብኩ፤ ያን ጊዜ እልልታው ቀለጠ። ሳትቀምሱ አትሄዱም ብለው በንፍሮና በጠላ ያዙን።

በተከታዩ ክረምት ሌቦች ተመልሰው መጡ። ተራው የዓለምነው ነበር። መስቀሉ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ እሱ ግን በጥይት ተመቶ ሞተ።

ለልቅሶ ስሄድ መምሬን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። «አባ፣ ያን ቀን ባሕር ዳር ሄዶ ቢሆን ኖሮ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ልጄ በሕይወት ይኖር ነበር» አሉ ረጋ ብለው። «ይህ አይጠፋኝም። ቢሆንም ዛሬም ውሰዱት አልልሽም።»

ይህን ሁሉ ሳስታውስ ልጄ መልሴን እየጠበቀች ነበር። «ይመለስ» አልኳት። ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ቅርስ ተመለሰ ተብሎ ሲጨበጨብ በሰማሁ ቁጥር፣ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ በሩ ላይ የሚያድረው ሰው ያሳስበኛል።