ለቅሶ ቤት የገባው ሸክላ

ያን ቅዳሜ ጠዋት ፉሪ ዳገት ላይ ደርሼ ሰው ተሰብስቦ ሳይ ደስ አለኝ... እስከ ዛሬ የማፍረው በዚያ ደስታ ነው።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ጊዜ፣ ሃምሳዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። ንፋስ ስልክ አጠገብ በነበረች ትንሽ የወንጌል አማኞች ጉባኤ ወንጌላዊ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ ሦስት። ጉባኤያችን ከሚስዮኑ የእጅ ግራሞፎን ተሰጥቶት ነበር። እጀታውን ታዞራለህ፣ ሸክላውን ታስቀምጣለህ፣ በኦሮምኛ ይዘምራል፣ ይሰብካል። በቃ።

የስብከት ኮሚቴው ጸሐፊ ጋሽ ግርማ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ፣ አዲስ ነገር የሚወዱ ሰው ነበሩ። ዓለም ተለውጧል ይሉ ነበር። ፋብሪካው እየመጣ ነው፣ መንገዱ እየመጣ ነው፣ ሰው ቤት ገብቶ ሲያወጉ መዋል ያለፈበት ሥራ ነው። ለአንድ መንደር ግማሽ ሰዓት፣ በቀን ሰባት መንደር። የሚሞላም ቅጽ አለ፦ የመንደሩ ስም፣ የአድማጭ ብዛት።

እኔም አምኜበት ነበር። ወይም ያመንኩ መስሎኝ ነበር... እንጀራዬ በኮሚቴው እጅ ስለሆነ ሁለቱን መለየት አልችልም ነበር።

ወደ ሃያ የሚሆኑ ወንዶች አጥር ሥር ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። ሴቶቹ በጓሮ በኩል ናቸው። ሰላም ስላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ መለሱልኝ። ጨዋነት መሰለኝ። ቅጹ ላይ «ሃያ» ብዬ ጻፍኩና የግራሞፎኑን ሣጥን ከጀርባዬ አውርጄ እጀታውን አዞርኩ።

ሸክላው የሚጀምረው በጭብጨባና በእልልታ ነው። ከዚያ አንድ ሰውዬ ባማረ ኦሮምኛ፣ ደስ ይበላችሁ፣ የምሥራች ይዤላችሁ መጥቻለሁ ይላል።

ማንም አልተቆጣም። ከጓሮ ብቻ የአንዲት ሴት ልቅሶ ተነሣ፤ እልልታው ላይ ተደረበ።

ያኔ ገባኝ። ሰዎቹ ሐዘን ላይ ናቸው።

መርፌውን ማንሣት እንኳ አልመጣልኝም። ሰውዬው ደስ ይበላችሁ ማለቱን ቀጠለ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው መጡና መርፌውን በአንድ ጣታቸው ቀስ አድርገው አነሡት።

«ይኼ ሰውዬ ማን እንደሞተብን ያውቃል?» አሉኝ በአማርኛ።

«አያውቅም።»

«አንተስ?»

«አላውቅም አባቴ።»

«ቁጭ በላ። ሳያውቁ አይናገሩም።»

ቁጭ አልኩ። አጠገቤ ያለው ሰው በሹክሹክታ ነገረኝ። ሟቿ በወሊድ የሞተች ናት፤ የተቀበረችው ትናንት ነው። ሽማግሌው፣ ኦቦ ቱፋ፣ አባቷ ናቸው።

ንፍሮ በሰፌድ መጣ፤ ዘገንኩ። ስድስት መንደር ይቀረኛል... ሦስት ጊዜ ልነሣ አሰብኩ፣ ሦስት ጊዜ ተውኩት። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሰዓት የሚያይ ሰው አይቼ አላውቅም፤ የመጀመሪያው መሆንም ፈራሁ። መሸ፤ ከወንዶቹ ጋር ጭድ ላይ ተኛሁ። እሑድ ከሰዓት አንዱ ጎረቤት ሣጥኔን እያየ «ሰባኪው፣ ጓደኛህን ምን ነካው፣ አሞታል እንዴ?» አለኝ። «የምትሉትን እየሰማ ነው» አልኩት። ኦቦ ቱፋ እንኳ ፈገግ አሉ። በሦስቱ ቀን ውስጥ አንድ ጥቅስ ከአፌ አልወጣም። ቅጹ ላይ የጻፍኩትንም «ሃያ» ሰረዝኩት።

ሰኞ ጠዋት ልሄድ ስነሣ ኦቦ ቱፋ እስከ በር ሸኙኝ። ሐሙስ ና አሉኝ። ሰው ሲበተን የምነግርህ አለ። እሺ አልኳቸው።

ማታውኑ ኮሚቴው ጠራኝ። ጋሽ ግርማ ቅጹን ገለበጡት፤ በዚያኛው በኩል ነገር ያለ ይመስል።

«ወንድም ታደሰ፣ ሦስት ቀን፣ አንድ መንደር። የአድማጩም ቁጥር ተሰርዟል።»

«አድማጩ እኔ ነበርኩ» አልኩ።

ከኮሚቴው አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በመሐረቡ ሸፈነ። ጋሽ ግርማ አልሳቁም። ሐሙስ ሣጥኑን ይዤ በሀና ማርያም በኩል እንድወጣ፣ የቀሩትን ስድስት መንደሮች እንድጨርስ፣ ካልሆነ ሣጥኑን የሚሸከም ሌላ ሰው መኖሩን በትሕትና ነገሩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን ስጽፍም ክፉ ላስመስላቸው አልፈልግም። ለኦቦ ቱፋ ቃል መግባቴን ነገርኳቸው።

«ለአንድ ሽማግሌ የሚሆን ሐሙስ የለንም» አሉ።

ፈሪ ነበርኩ። ሰው ሲቆጣ እፈራለሁ፣ ሰው ዝም ሲል እፈራለሁ... ድምፄን ስሰማው የሌላ ሰው መሰለኝ።

«እኔ ግን አለኝ። ዓለም ተለውጧል ትላላችሁ፤ እሺ ይለወጥ። ሰው ግን መሞት አልተወም። ያን ሣጥን ለቅሶ ቤት ድጋሚ አላስገባም።»

ረቡዕ ደብዳቤ መጣልኝ። ከአገልግሎት ተሰናብቻለሁ። ሁለት መስመር ነው። ለእናቴ ምን እንደምላት እያሰብኩ አሥር ጊዜ ያህል አነበብኩት።

ሐሙስ በላፍቶ በኩል በጭቃው ወደ ፉሪ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆሜ ልመለስ አሰብኩ። አሁን ማን ነኝ ብዬ ነው የምገባው? ሰባኪ አይደለሁም፣ ዘመድ አይደለሁም፣ ጎረቤት አይደለሁም...

ኦቦ ቱፋ ብቻቸውን አጥር ይጠግናሉ። ባዶ ጀርባዬን አዩና «ዛሬስ ማን ላከህ?» አሉኝ።

«ማንም።»

ይህን እንጨት ያዝልኝ አሉኝ፤ ያዝኩላቸው። ገመዱን እያጠበቁ፣ ዓይኔን ሳያዩ፣ በሰው ፊት ያልተናገሩትን ስለ ልጃቸው ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ ወዲህ ማንም ልኮኝ አያውቅም፤ ሐዘን ወዳለበት ቤት መሄዴን ግን አልተውኩም።